ምጥ ቀጠሮ የለውም

ከጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው አውሮፕላን ሲነሣ ባየሁ ቁጥር፣ ባሮ ሞልቶ መንገድ ሲቆርጥ ምጥ የያዛት እናት በምን ትሄዳለች እላለሁ። አውሮፕላን ሰዓት አለው፤ ምጥ ግን ቀጠሮ የለውም።

የጤና ሊቃውንት እናትን የሚገድሏት ሦስት መዘግየቶች ናቸው ይላሉ፤ እነርሱም ለመሄድ ቶሎ አለመወሰን፣ በመንገድ መዘግየትና ከደረሱ በኋላ ቶሎ አለመታከም ናቸው። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ብዙ ደም በጥቂት ሰዓት ይገድላልና።

በአገራችን በ1992 ዓ.ም. የተደረገው ጥናት በሕይወት ለተወለዱ 100,000 ሕፃናት 871 እናቶች መሞታቸውን ሲገልጽ፣ በ2008 ዓ.ም. የተደረገው 412 አለ። መቀነሱ መልካም ነው፤ ነገር ግን አይበቃም።

ስለዚህ ቀኗ የቀረበ እናት በጤና ጣቢያ ባለው የእናቶች ማቆያ ቤት አስቀድማ ትሰንብት። መቼና የት እንደምትወልድ መወሰን የራሷ መብት ነው። የመንገዱንና የሕክምናውን መዘግየት መንግሥትና ሐኪም ያቃልሉት፤ የመጀመሪያውን ግን እኛ በየቤታችን ልናስቀረው ይገባናል።