የአክሲዮን ዋጋ በወደቀ ጊዜ ማኅበሩ የራሱን አክሲዮን ስለ መግዛቱ

አንድ የአክሲዮን ማኅበር የራሱን አክሲዮን ከአባሎቹ መልሶ ሲገዛ ብዙዎች የንግድ ሰዎች የመተማመን ምልክት ነው ብለው ደስ ይላቸዋል። ግዢው ዋጋ በወደቀ ጊዜ ሲሆንማ እንደ ብልኅነት ይቆጠራል። ነገር ግን ትርፉ ከማን ኪስ እንደሚወጣ መመርመር ይገባል።

ነገሩ በምሳሌ ቢታይ ይሻላል። በወሎ፥ በአርዲቦ ሐይቅ ዳር ያሉ ነጋዴዎች ዓሣ እያጠመደ ለደሴ ገበያ የሚያቀርብ ማኅበር አቋቋሙ እንበል። ጀልባው፥ መረቡ፥ መጋዘኑና የባንክ ገንዘቡ፥ ዕዳው ተቀንሶ፥ 200,000 ብር ያወጣል፤ አክሲዮኑ 1,000 ስለ ሆነ የአንዱ ግምት 200 ብር ነው። ክረምት ገብቶ አባሎች ለዘርና ለልጆች ትምህርት ገንዘብ ሲቸግራቸው ዋጋው ወደ 140 ብር ወረደ። ማኅበሩ 100 አክሲዮን በ14,000 ብር ገዝቶ ቢሰርዝ የቀረው 186,000 ብር ለ900 አክሲዮን ይደርሳል፤ ይኸውም ለያንዳንዱ 206 ብር ከ67 ሳንቲም ነው። ዋጋው ተወዶ በነበረ ጊዜ በ260 ብር ገዝቶ ቢሆን ግን ድርሻው ወደ 193 ብር ከ33 ሳንቲም ይወርድ ነበር።

በርካሹ ግዢ የቀሩት አባሎች ያገኙት በጠቅላላው 6,000 ብር ነው። የሸጡትም ያጡት ያንኑ 6,000 ብር ነው። በዚህ ምክንያት ከሐይቁ አንድም ተጨማሪ ዓሣ አልወጣም። ሒሳቡን አስቀድመው የሚያውቁት ዲሬክተሮቹ ናቸው፤ ተቸግሮ የሸጠው ባለሱቅ ግን አያውቀውም። ስለዚህ ማኅበሩ የዓመቱን ሒሳብ ለአባሎቹ ሁሉ ሳይገልጥ ቢገዛ ንግዱ ቅን ነው ለማለት ያስቸግራል።

ዋጋው የወደቀበት ምክንያትም ሊለይ ይገባል። ወቅቱ ያመጣው ችግር ከሆነ ያልፋል። ከመጠን በላይ በማጥመድ የሐይቁ አምባዛና ቆሮሶ ተመናምኖ ከሆነ ግን 200 ብር የተባለው ግምት ራሱ አርጅቷል፥ 140 ብርም ውድ ሊሆን ይችላል። እንዲሁም ያ 14,000 ብር ለመረብ መግዣ ወይም ለዕዳ መክፈያ የሚያስፈልግ ከሆነ ርካሽነቱ አይጠቅምም።

ታላላቆቹም ቢሆኑ ጊዜውን አያውቁበትም። በአሜሪካ በታወቀው የ500 ኩባንያዎች መዝገብ ውስጥ ያሉት፥ ዋጋ ከፍ ባለበት በ2007 እ.ኤ.አ. 589 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ለዚህ ግዢ አወጡ፤ ገበያው ከወደቀ በኋላ በ2009 ግን ያወጡት 138 ቢሊዮን ገደማ ነበር። ዋጋ ሲወድቅ ገንዘብም ስለሚሸሽ፥ የገዙት በውዱ ጊዜ ሆነ።

በአገራችን የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ግዢው በጠቅላላ ጉባኤ እንዲፈቀድ፥ ዋጋውም ከተጣራ ትርፍ እንዲከፈል ያዝዝ ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1243 ተተክቷል። በ1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተቋቋመው የአክሲዮን መገበያያም ከአብዮቱ ወዲህ ቀርቶ ነበር። ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ወጋገን ባንክን በመጀመሪያ መዝግቦ ሥራ ጀመረ። በዚያ ያልተመዘገበ የትንሽ ማኅበር አክሲዮን ግን ዋጋው የሚቈረጠው በገዢና በሻጭ ስምምነት ብቻ ነው፤ ገዢው ማኅበሩ ራሱ ሲሆን፥ ሻጩ ከመፈረሙ በፊት የመጨረሻውን የሒሳብ ሚዛን አሳዩኝ ቢል አያሳፍረውም።