ሁለት ሕገ መንግሥት፣ ሁለት የመብት ዘብ

እ.ኤ.አ. በ1781 በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ሸፊልድ በምትባል ከተማ በባርነት ትኖር የነበረች ማምቤት የምትባል ሴት ቴዎዶር ሴጅዊክ ወደተባለ ጠበቃ ሄዳ ነጻነቷን በሕግ እንዲያስከብርላት ጠየቀችው። ማንበብ አትችልም። የግዛቲቱ አዲስ ሕገ መንግሥት ሰው ሁሉ ነጻና እኩል ሆኖ እንደሚወለድ መደንገጉን ግን ሰምታለች። ሴጅዊክም ክሱን በዚያው አንቀጽ ላይ መሠረተ። ግሬት ባሪንግተን ላይ ጉዳዩን የሰማው ጁሪ ለእሷና አብሯት ለከሰሰው ብሮም ፈረደላቸው፤ ጌታቸው አሽሊም 30 ሽልንግ ካሳ እንዲከፍል ተወሰነበት። ከዚያ ወዲህ ስሟ ኤልሳቤጥ ፍሪማን ሆነ።

ያኔ የአሜሪካ ፌዴራላዊ ሕገ መንግሥት ገና አልተጻፈም ነበር። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ቢል ኦፍ ራይትስ፣ ማለትም የመጀመሪያዎቹ አሥር ማሻሻያዎች፣ የጸደቀው በዲሴምበር 15 ቀን 1791 ነው። ኤልሳቤጥን ከባርነት ያወጣት የግዛት ሕገ መንግሥት ነው።

መብትን በግዛት ደረጃ በመደንገግ ፈር ቀዳጇ ቨርጂኒያ ናት። የአሜሪካ የነጻነት አዋጅ ከመውጣቱ ሦስት ሳምንት ገደማ ቀደም ብላ፣ በጁን 12 ቀን 1776፣ 16 አንቀጾች ያሉትን የመብቶች መግለጫ አጸደቀች። ዋናው አርቃቂ ጆርጅ ሜሰን፣ ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በፌርፋክስ ካውንቲ የሚኖር ባለርስት ነበር፤ ገንስተን ሆል የተባለው ቤቱ አሁን ሙዚየም ነው። ሰው ሁሉ በተፈጥሮው ነጻ ነው ብሎ የጻፈው ይኸው ሰው የባሪያ አሳዳሪ ነበር። መግለጫውን ያጸደቀው ጉባኤ አባላትም ቃሉ ለባሪያዎች እንዳይተርፍ ብለው፣ መብቱ የሚጸናው ሰዎች ወደ ማኅበረሰብ ሲገቡ ነው የሚል ሐረግ ጨመሩበት። ይህን ሳያነሱ ሰነዱን ብቻ ማወደስ ግፉን መሸፈን ነው።

በ1787 ፊላደልፊያ ላይ ፌዴራላዊው ሕገ መንግሥት ሲረቀቅ ሜሰን የመብቶች ድንጋጌ ይግባበት አለ። የኮነቲከቱ ሮጀር ሸርማን የግዛቶቹ ይበቃል ብሎ ተከራከረ፤ የሜሰን ሐሳብም ወደቀ። ሜሰን አልፈርምም ብሎ ወጣ። ከሁለት ዓመት በኋላ ጄምስ ማዲሰን ማሻሻያዎቹን ለኮንግረስ አቀረበ። አንዳንዶቹ ግዛቶችንም ጭምር እንዲያስሩ ቢፈልግም ሴኔቱ ይህን ሰረዘበት።

የዚያ ስረዛ መዘዝ በ1833 በባልቲሞር ታየ። ከተማው ጅረቶችን አቅጣጫ ሲያስቀይር ደለሉ የጆን ባሮን የመርከብ ማራገፊያ ሥር ተከመረና ውሃው ጥልቀት አጣ፤ መርከብ መጠጋት አልቻለም። ባሮን ካሳ ጠየቀ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን ፌዴራላዊው የመብት ድንጋጌ የሚያስረው የፌዴራል መንግሥቱን ብቻ ነው ሲል ባዶ እጁን ሰደደው። አብዛኞቹ ድንጋጌዎች ግዛቶችንም ማሰር የቻሉት በ1868 በጸደቀው 14ኛው ማሻሻያ አማካይነት ነው፤ እሱም በአንድ ጊዜ ሳይሆን በአብዛኛው በ20ኛው ክፍለ ዘመን በየክሱ፣ ቀስ በቀስ።

ታዲያ ዛሬ የግዛቱ ድንጋጌ ምን ይሠራል? ብዙ ይሠራል። ፌዴራሉ የሚያስቀምጠው ዝቅተኛውን ልክ ነው፤ ግዛት ከዚያ በታች መውረድ አይችልም፣ ከዚያ በላይ ግን መስጠት ይችላል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ፕሩንያርድ በሚባል የገበያ ማዕከል የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ጠረጴዛ ዘርግተው ፊርማ ሲያሰባስቡ ጥበቃው አስወጣቸው። በፌዴራል ሕግ ቢሆን ኖሮ ባለንብረቱ ይረታ ነበር። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን የግዛቱን ሕገ መንግሥት ጠቅሶ ለተማሪዎቹ ፈረደ፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1980 ውሳኔውን አጸናው።

እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ የሞንታና ነው። በ1972 የጸደቀው ሕገ መንግሥቷ ንጹሕና ጤናማ አካባቢን መብት አድርጎ ደንግጓል፤ በፌዴራሉ ውስጥ እንዲህ ያለ ቃል የለም። 16 ልጆችና ወጣቶች ይህን ይዘው በአየር ንብረት ጉዳይ ግዛታቸውን ከሰሱ፤ በ2023 ረቱ፣ በ2024 የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አጸናላቸው። የግዛት ፍርድ ቤት ውሳኔውን በራሱ ሕገ መንግሥት ላይ ብቻ ካቆመና የፌዴራል ሕግን የሚነካ ጥያቄ ከሌለበት፣ ዋሽንግተን ያለው ጠቅላይ ፍርድ ቤት አይከልሰውም።

የሜሰን ጽሑፍ በዘመናት ተሻሽሎ ዛሬም የቨርጂኒያ ሕገ መንግሥት አንደኛ ምዕራፍ ነው። ከዴላዌር በቀር በሁሉም ግዛቶች ሕግ አውጪው ያሳለፈው ማሻሻያ ለመራጩ ሕዝብ ይቀርባል። ዜግነት አግኝቶ አሌክሳንድሪያ ወይም ሲልቨር ስፕሪንግ ለመምረጥ የሚሰለፍ ወገናችን በድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ፣ ከእጩዎቹ ስም በታች፣ የግዛቱን ሕገ መንግሥት የሚነካ ጥያቄ የሚያገኘው ለዚህ ነው።