ከመብራት ዕቃው በፊት ብርሃኑን፦ ለመኖሪያ ቤት የመብራት ዕቃ አመራረጥ

1. መግቢያ

የኤሌክትሪክ መብራት ወደ አገራችን የገባው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ፣ በዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ነው። ከዚያ በፊት፣ በብዙ ቤቶችም ከዚያ በኋላ ለረጅም ዘመን፣ የማታ ሥራ የሚሠራው በምድጃ እሳት፣ በጧፍ፣ በኩራዝና በፋኖስ ነበር። የእነዚህ መብራቶች ብርሃን እጅግ ደካማ ቢሆንም አንድ ጠቃሚ ጠባይ ነበራቸው፤ ሥራው ወዳለበት ይወሰዳሉ። ምስር የምትለቅም እናት ኩራዙን ከሰፌዱ አጠገብ ታስቀምጠዋለች፤ ተማሪውም ከደብተሩ ራስጌ ያኖረዋል። አምፖል ሲመጣ ብርሃኑ ብዙ እጥፍ ቢጨምርም ከኮርኒሱ መካከል ተሰቅሎ ቀረ። ሰው ሥራውን ይዞ ወደ መብራቱ መጠጋት ግድ ሆነበት፤ መጠጋት ካልቻለም በገዛ ጥላው ውስጥ ይሠራል።

ይህ ችግር ዛሬም በከተማ ቤቶቻችን ይታያል። የኮንዶሚኒየም ቤት ሲረከቡ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በየክፍሉ መካከል ያለ አንድ የመብራት መስመር ነው። ባለቤቶቹ ቤቱን ሲያስጨርሱ ለመብራት ከመደቡት ገንዘብ አብዛኛውን ለሳሎኑ ሻንደሊየር ያውሉታል፤ የተማሪው ጠረጴዛና የወጥ ቤቱ መክተፊያ ግን እንደነበሩ ይቀራሉ። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ የመብራት ዕቃ በመልኩና በዋጋው ብቻ ሳይሆን በሚሰጠው ብርሃን እንዴት ሊመረጥ እንደሚገባው በቀላል ስሌት ማሳየት ነው። «የመብራት ዕቃ» ስንል አምፖሉን የሚይዘውን፣ ብርሃኑንም የሚያሠራጨውን ወይም ወደ አንድ አቅጣጫ የሚመራውን አካል ሁሉ ማለታችን ነው።

2. የብርሃን መለኪያዎች

በገበያ ላይ አምፖል የሚጠየቀው በዋት ነው። ዋት ግን አምፖሉ የሚወስደውን ኃይል እንጂ የሚሰጠውን ብርሃን አይለካም። አምፖል ሁሉ ባለ ክር በነበረበት ዘመን ሁለቱ አብረው ስለሚጨምሩ ልማዱ ጉዳት አልነበረውም። ከ2000 ዓ.ም. በኋላ በነበሩት ጥቂት ዓመታት ባለ ክሩን አምፖል በኃይል ቆጣቢ አምፖል የመተካት ሰፊ ዕደላ ከተካሄደ፣ ኤልኢዲም ገበያውን ከያዘ ወዲህ ግን ዋት አሳሳች መለኪያ ሆኗል። ባለ ክር አምፖል ከአንድ ዋት 12 ሉመን ገደማ ሲሰጥ፣ ደኅና ኤልኢዲ ከ80 እስከ 100 ሉመን፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ይሰጣል። ስለዚህ የ9 ዋት ኤልኢዲ የቀድሞውን የ60 ዋት አምፖል ሥራ ይሠራል።

ሉመን ከአምፖሉ የሚወጣው ጠቅላላ ብርሃን ነው። ከዚያ ውስጥ በአንድ ገጽ ላይ የሚያርፈው በሉክስ ይለካል፤ አንድ ሉክስ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፍ አንድ ሉመን ነው። ለሳሎን አጠቃላይ ብርሃን 100 ሉክስ ገደማ፣ ለንባብና ለመክተፍ ደግሞ ከ300 እስከ 500 ሉክስ በተለምዶ ይመከራል። እነዚህ ቁጥሮች ጤናማ ዓይን ላለው ጎልማሳ የሚያገለግሉ ናቸው። ዕድሜ ሲገፋ የዓይን ብሌን ይጠባል፣ ሌንሱም ይደበዝዛል፤ በ60 ዓመት ሰው ዓይን ውስጥ ገብቶ ሬቲና ላይ የሚደርሰው ብርሃን በ20 ዓመት ወጣት ዓይን ከሚደርሰው አንድ ሦስተኛ ገደማ ነው። አያት ባሉበት ቤት ለልጆች የበቃ ብርሃን ለእርሳቸው ላይበቃ የሚችለው ስለዚህ ነው።

3. አንድ ሳሎን በስሌት

ርዝመቱም ስፋቱም 4 ሜትር የሆነ፣ ግድግዳው ነጣ ያለ ሳሎን እንውሰድ። ከመካከሉ፣ ከወለሉ 2.5 ሜትር ከፍ ብሎ 800 ሉመን የሚሰጥ አንድ አምፖል ተሰቅሏል። የተማሪው ጠረጴዛ 75 ሳንቲሜትር ከፍታ ያለው ሲሆን በግድግዳው ጥግ ተቀምጧል፤ የደብተሩ ስፍራ ከክፍሉ መካከል በአግድም 1.75 ሜትር ይርቃል።

አምፖሉ ብርሃኑን በሁሉም አቅጣጫ እኩል ቢበትን፣ በአንድ አቅጣጫ የሚኖረው ጥንካሬ 800 ሉመን ለ12.57 ሲካፈል 64 ካንዴላ ይሆናል። ብርሃን በርቀት ካሬ ልክ ይቀንሳል፤ ወደ ገጹ አጋድሎ ሲወርድም በማዕዘኑ ልክ ይሳሳል። እዚህ ከአምፖሉ እስከ ደብተሩ ያለው ቀጥተኛ ርቀት 2.47 ሜትር፣ የብርሃኑ ማዕዘንም 45 ዲግሪ ስለሆነ፣ በቀጥታ ደብተሩ ላይ የሚያርፈው 7 ሉክስ ብቻ ነው። ከግድግዳና ከኮርኒስ የሚመለሰው ሲታከልበት፣ ከአምፖሉ ብርሃን ግማሹ ሥራ ላይ ይውላል ብለን ብናስብ፣ የክፍሉ አማካይ 25 ሉክስ ይደርሳል። ይህም ለንባብ ከሚመከረው ዝቅተኛ መጠን ከአንድ አሥረኛ እንኳ የሚያንስ ነው። ከዚህም በላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረው ተማሪ ጀርባውን ለአምፖሉ ስለሚሰጥ፣ ቀጥተኛውን ብርሃን በገዛ ሰውነቱ ይጋርደዋል።

አምፖሉን ማብዛት አንዱ መፍትሔ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ክፍሉን በሙሉ ወደ 100 ሉክስ ለማድረስ፣ ግማሹ ብርሃን ሥራ ላይ እንደሚውልና አቧራና እርጅና ሌላ 20 በመቶ እንደሚቀንሱ ቢታሰብ፣ 4,000 ሉመን ያስፈልጋል፤ ይህም አምስት ባለ 9 ዋት አምፖል ማለት ነው። ያም ሆኖ ደብተሩ ላይ ያለው ብርሃን ለንባብ ከሚበቃው ሲሶ ገደማ ብቻ ይሆናል፤ ጥላውም አይጠፋም።

በአንጻሩ 400 ሉመን ያለው፣ ብርሃኑን ወደ ታች ብቻ የሚመራ የጠረጴዛ መብራት እንውሰድ። አባዡሩ 20 በመቶውን ቢያስቀር፣ የቀረው 320 ሉመን በታችኛው ግማሽ ሲሠራጭ 51 ካንዴላ ይሆናል። ከደብተሩ 40 ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ ሲቀመጥ በቀጥታ ሥሩ 318 ሉክስ ይሰጣል። ስለዚህ 5 ዋት የማይሞላ መብራት፣ ከኮርኒሱ ላይ 45 ዋት የወሰዱት አምፖሎች ያልሠሩትን ሥራ ይሠራል። ልዩነቱን ያመጡት ርቀትና አቅጣጫ ናቸው፤ ኩራዙን ከሰፌዱ አጠገብ ያኖሩ እናቶች የሚያውቁትም ይህንኑ ነበር።

4. የብርሃን ሦስት ድርሻዎች

ከላይ ከታየው ስሌት የሚከተለው በአንድ ክፍል ውስጥ ያለውን ብርሃን በድርሻ የመክፈል ሐሳብ ነው። የመጀመሪያው አጠቃላይ ብርሃን ነው፤ ሰው ሳይሰናከል እንዲንቀሳቀስ፣ ፊት ለፊት የተቀመጡትም እንዲተያዩ ያገለግላል። ሁለተኛው የሥራ ብርሃን ነው፤ ለንባብ፣ ለመክተፍ፣ ለስፌት፣ ለምስር ለቀማ የሚውል ነው። ሦስተኛው የጌጥ ብርሃን ሲሆን ሥዕልን፣ መደርደሪያን ወይም የግድግዳን ገጽ ያጎላል።

ወጥ ቤት የሥራ ብርሃን ችግር ጎልቶ የሚታይበት ስፍራ ነው። መክተፊያው በግድግዳው ጥግ፣ መብራቱ ከሠራተኛው ጀርባ ስለሆነ ቢላዋ የሚያርፍበት ቦታ ጥላ ይሆናል። ከላይኛው ቁም ሣጥን ሥር፣ ወደ ፊት ለፊቱ ጠርዝ ተጠግቶ የሚለጠፍ የኤልኢዲ ዘንግ ይህን በአነስተኛ ወጪ ያስቀራል። ለምስርና ለሩዝ ለቀማ ደግሞ ከጎን የሚመጣ ብርሃን ይመረጣል፤ ጠጠሩ ትንሽ ጥላ ስለሚጥል ከፍሬው ተለይቶ ይታያል።

ለሳሎን ሲመረጥ የተቀማጩን ከፍታ ማሰብ ያሻል። ቡና ለማፍላት ከበርጩማ ላይ የተቀመጠች ሴት ቀና ስትል የመብራቱን ሆድ ከሥሩ ታያለች። ወደ ታች ያዘቀዘቀ፣ ያልተሸፈነ አምፖል ለቆመው ሰው ባይታወቀውም ለእርሷ ዓይን የሚወጋ ነው።

5. ጌጥና ኮርኒስ

ይህ ሁሉ ሻንደሊየርን ለማጣጣል አይደለም። ጽዋዎቹ ወደ ላይ የተከፈቱ፣ ባለ ስምንት ክንድ ሻንደሊየር በእያንዳንዱ ክንድ 470 ሉመን ቢይዝ 3,760 ሉመን ይሰጣል፤ ኮርኒሱ ነጭ ከሆነም ብርሃኑን አለስልሶ ይመልሰዋል። ለአጠቃላይ ብርሃን መልካም ምርጫ ነው። ኮርኒሱ በጥቁር እንጨት የተሸፈነ እንደሆነ ግን ከሚደርስበት ብርሃን አብዛኛውን ውጦ ስለሚያስቀር፣ ያው ሻንደሊየር ደብዛዛ ይሆናል።

ቁመትም ወሳኝ ነው። ከወለል እስከ ኮርኒስ 2.6 ሜትር በሆነ ቤት 70 ሳንቲሜትር የሚወርድ መብራት ከሥሩ 1.9 ሜትር ብቻ ያስቀራል። ሰው በሚያልፍበት ስፍራ ቢያንስ 2.1 ሜትር ሊቀር ስለሚገባ፣ ሰንሰለቱን ጨምሮ ከ50 ሳንቲሜትር መብለጥ የለበትም። ከዚያ የሚረዝመው ሰው በማያልፍበት፣ ከምግብ ጠረጴዛ በላይ ሊሰቀል ይችላል።

ክብደት ደግሞ የደኅንነት ጉዳይ ነው። በብዙ ኮንዶሚኒየሞች ሶሌታው በምሰሶ መሰል ኮንክሪቶች መካከል ባዶ ብሎኬት ተደርድሮበት የተሠራ ነው። በብሎኬቱ ስስ ግድግዳ ላይ የተመታ ፊሸር ቀላል መብራት ይይዛል እንጂ ከባድ ሻንደሊየርን ለዓመታት አይሸከምም። ስለዚህ ከመግዛት በፊት መንጠቆው በኮንክሪቱ ላይ ሊታሰር መቻሉን በባለሙያ ማረጋገጥ ይገባል።

6. የብርሃን ቀለም

በገበያችን አምፖል «ነጭ» እና «ቢጫ» ተብሎ ይለያል። መለኪያው ኬልቪን ነው፤ የሻማ ብርሃን 1,900፣ የባለ ክር አምፖል 2,700፣ «ነጭ» የሚባለው ደግሞ 6,500 ኬልቪን ገደማ ነው። ነጩ የበለጠ ያበራል የሚለው እምነት የተለመደ ቢሆንም፣ የብርሃኑን ብዛት የሚወስነው ሉመኑ እንጂ ቀለሙ አይደለም። ሰማያዊ ጨረር የበዛበት ብርሃን በምሽት እንቅልፍን የሚያመጣውን የሜላቶኒን ሆርሞን ስለሚገታ፣ ለመኝታ ቤትና ለሳሎን ከ2,700 እስከ 3,000፣ ለወጥ ቤት 4,000 ኬልቪን ገደማ ያለው ይስማማል።

ከኬልቪን የሚለይ ሌላ መለኪያ አለ፤ ብርሃኑ የነገሮችን ቀለም ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ ከ100 የሚሰጥ ነጥብ ነው። ነጥቡ ከ80 በታች የሆነ አምፖል በተለይ ቀይን ያደበዝዛል። የሥጋው ትኩስነት፣ የበርበሬው ደረጃ፣ የወጡ መብሰል በዓይን በሚለይበት ወጥ ቤት 90 ነጥብ ያለውን መፈለግ ቅንጦት አይደለም።

7. ዕድሜና ደኅንነት

በካርቶኑ ላይ 25,000 ሰዓት የተጻፈበት አምፖል በቀን 5 ሰዓት ቢበራ ከ13 ዓመት በላይ ሊያገለግል በተገባው ነበር። ብዙዎቹ ግን ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ይቃጠላሉ። ከዋና ምክንያቶቹ አንዱ የመብራት ዕቃው ራሱ ነው። ኤልኢዲ ሙቀቱን የሚያስወጣው በግርጌው በኩል ስለሆነ፣ በተዘጋ የብርጭቆ ሉል ውስጥ ሲገባ የገዛ ሙቀቱ ይከማችበታል። በውስጡ ያለው የኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር ሙቀቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ አየር የሚያዘዋውር የመብራት ዕቃ መምረጥ አምፖልን ማትረፍ ነው።

ሌላው ምክንያት የቮልቴጅ መዋዠቅ ነው። መስመራችን 220 ቮልት ቢባልም መብራት ሄዶ ሲመለስ መጠኑ ሊዋዥቅ ይችላል። በካርቶኑ ላይ 220 ብቻ ከተጻፈበት ይልቅ ከ85 እስከ 265 ቮልት የሚል ሰፊ ክልል የተጻፈበት ይመረጣል። የብርሃኑን መርገብገብ ለመፈተሽም የስልክ ካሜራን ወደ በራው አምፖል ማዞር ይበጃል፤ በምስሉ ላይ ጥቁር መስመሮች ጎልተው ቢንሸራተቱ ለንባብ አይመረጥም።

ለመታጠቢያ ቤት ከየአቅጣጫው የሚረጭ ውኃ የማይጎዳው፣ አይ ፒ 44 የተባለውን ደረጃ ያሟላ ዕቃ ያስፈልጋል። ገላው ብረት የሆነ መብራት የአርዝ ማሰሪያ ካለው ሽቦው ሳይገናኝ ሊሰቀል አይገባም፤ በውስጡ ሽቦ ቢላጥ ገላውን የነካ ሰው በኤሌክትሪክ ይያዛልና።

8. ማጠቃለያ

የመብራት ዕቃ ምርጫ በሱቅ ሳይሆን በቤት፣ ያውም በምሽት ሊጀመር ይገባል። በመጀመሪያ ማን በየትኛው ስፍራ ምን እንደሚሠራ፣ ጥላውም ወዴት እንደሚወድቅ ይታያል። ቀጥሎ ለዚያ ሥራ የሚበቃው ሉክስና ብርሃኑ የሚመጣበት አቅጣጫ ይወሰናል፤ ከዚያም ሉመኑና ቀለሙ። የኮርኒሱ ቁመትና የመሸከም አቅም ከታወቀ በኋላ መልክና ዋጋ ይነጻጸራሉ። በጀቱ ለሁሉም የማይበቃ ሲሆን፣ ስሌቱ እንዳሳየው ቀዳሚው ወጪ የጠረጴዛው መብራትና የመክተፊያው ዘንግ ነው። ሻንደሊየሩ ዓመት ቢዘገይ እንግዳ አይቀየምም፤ የተማሪው ንባብ ግን እያንዳንዱ ምሽት ይቆጠርበታል።