ጭንቅላቱ ለተመታ ሰው የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት

በዛሬው የጤና ዝግጅታችን የሕክምና ተመራማሪዎች ባለፉት ሃምሳ ዓመታት ስለ ጭንቅላት ጉዳት ምን እንደደረሱበት እናብራራለን። ጉዳዩን ያለ ምክንያት አልመረጥነውም። ገናሌና ዳዋ በሚገናኙባት ዶሎ ኦዶ አንድ ወጣት ከሞተር ሳይክል ወድቆ ራሱን ቢስት፣ በነገሌ ቦረና በኩል ወደ ትላልቅ ሆስፒታሎች የሚወስደው መንገድ ረጅም ነው። በመሆኑም በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ከጎኑ የሚገኘው ቤተሰቡ ነው።

አንጎል በራስ ቅል ውስጥ እንደታሸገ ነገር ነው። ሲመታ ሁለት ጉዳት ይደርስበታል። አንደኛው በምቱ ቅጽበት የሚደርሰው ነው፤ እርሱን መመለስ አይቻልም። ሁለተኛው ግን ቆይቶ የሚመጣ ነው። ደም ይፈስሳል፣ አንጎል ያብጣል፣ አየርና ደም ያጥረዋል። አንዳንዱ ሰው ከምቱ በኋላ ተነስቶ እየተናገረ ከሰዓታት በኋላ የሚዝለፈለፈው በዚህ ሳቢያ ነው። የሐኪሞች ትግል ከዚህ ከሁለተኛው ጉዳት ጋር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1974 በስኮትላንድ የግላስጎው ከተማ ሁለት ሐኪሞች የጉዳተኛውን ንቃት በሦስት ጥያቄዎች መለካት ጀመሩ። ዓይኑን ይከፍታል? ይናገራል? ሲታዘዝ አካሉን ያንቀሳቅሳል? ድምሩ ከ3 እስከ 15 ነው። ከዚያ ወዲህ በተለያየ አገር ያሉ ሐኪሞች ስለ ጉዳተኛው በአንድ ቋንቋ መነጋገር ቻሉ።

ቀጥሎ የመጣው ለውጥ የተለመደውን ሕክምና መፈተሽ ነው። ስቴሮይድ የሚባለው መድኃኒት እብጠትን ይቀንሳል ተብሎ ለብዙ ዓመታት ይሰጥ ነበር። በ49 አገሮች 10,008 ጉዳተኞች የተካተቱበትና እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመው ጥናት ግን መድኃኒቱን ከወሰዱት ውስጥ የሞቱት ካልወሰዱት እንደሚበልጡ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ በቦሊቪያና በኢኳዶር የተደረገ ጥናት ታተመ። በራስ ቅል ውስጥ በሚገባ መሣሪያ ግፊትን እየለኩ ማከም፣ በቅርብ ምርመራና በሲቲ ስካን ምስል ተከታትሎ ከማከም የተሻለ ውጤት እንዳላመጣ ታየ። መሣሪያ ባይኖርም ነቅቶ መከታተል ዋጋ አለው ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ሌላ ጥናት ደግሞ የጊዜን ጉዳይ አጎላ። ከ12,000 በላይ ጉዳተኞች የተሳተፉበት ይህ ጥናት ትራኔክሳሚክ አሲድ የተባለውን ደም እንዳይፈስ የሚያግዝ መድኃኒት የፈተሸ ነበር። ጉዳታቸው ቀላልና መካከለኛ የሆኑት በሦስት ሰዓት ውስጥ ሲሰጣቸው ሞት ቀንሷል፤ እጅግ ከባድ በሆነባቸው ላይ ግን ጥቅሙ አልታየም። መድኃኒቱን የሚሰጠው ሐኪም ነው፤ ቤት ውስጥ የሚወሰድ አይደለም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የአንጎል ቀዶ ሐኪሞች ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2006 ተጀመረ፤ ከዚያ በፊት የነበሩት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በአዲስ አበባ የማስተማሪያ ሆስፒታሎች ለጭንቅላት ጉዳት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ሰዎች የተከታተለ ጥናት እንዳመለከተው፣ ከመኪና አደጋ ይልቅ የበዛው ምክንያት ድብደባ ነው። ወገኖቻችን ሆይ! በንዴት የተሰነዘረ አንድ ዱላ የአንድን ቤት አስተዳዳሪ ዕድሜ ልኩን ከሥራ ሊያስቀር ይችላል። ቁጣን መዋጥ በዲናችን የተወደደ ነው፤ እዚህ ላይ ደግሞ ሕይወት ያድናል።

እንግዲህ ቤተሰብ ምን ያድርግ?

ጉዳተኛውን እጅና እግሩን ይዞ አንጠልጥሎ መውሰድ ተገቢ አይደለም፤ አንገቱም ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ጭንቅላቱንና አንገቱን ሳያጣምሙ በጠፍጣፋ ነገር ላይ አስተኝቶ ማጓጓዝ ይገባል። ካስታወከ ብዙ ሆነው ሰውነቱን በአንድነት ወደ ጎን ያዙሩት፤ ትንፋሹ እንዳይታፈን። አስፕሪን አይስጡት፤ ደም መፍሰሱን ያብሳል። በእሳት መተኮስም የፈሰሰውን ደም አያቆምም፤ ውድ ሰዓት ያባክናል።

ደጋግሞ ካስታወከ፣ ራስ ምታቱ ከባሰበት፣ ካንቀጠቀጠው፣ ንግግሩ ከተዛባ፣ አንዱ የዓይን ብሌን ከሌላው ከሰፋ፣ ከአፍንጫው ወይም ከጆሮው ንጹሕ ፈሳሽ ከወጣ፣ ወይም ሲቀሰቅሱት በቀላሉ ካልነቃ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት። ሕፃን ከሆነ ጡት አልይዝም ማለቱም ምልክት ነው። ሐኪም አይቶ ወደ ቤት የመለሰውን ደግሞ የመጀመሪያውን ቀን ብቻውን አይተዉት። ለሳምንታት በጨለማ ክፍል ማስተኛት ዛሬ አይመከርም፤ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን ዕረፍት በኋላ ቀስ በቀስ ወደ እንቅስቃሴ ይመለስ።

ከሁሉ የሚሻለው ግን መከላከል ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የጥናቶች ግምገማ የሞተር ሳይክል ሄልሜት የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ፣ ሞትን በ42 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ተወኩል ግመልን ሳያስሩ መተው እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ልጆቻችንም ሄልሜት አጥልቀው ይንዱ፤ ከዚያ በአላህ እንመካ።

አላህ ቤተሰቦቻችንን ይጠብቅልን፤ የታመሙትን ያሽርልን።