የፖሊስ ጠባይና የሕዝብ እምነት እንዴት እንደሚመረመሩ

ፖሊስ በአገር ውስጥ የተለየ ሥልጣን አለው። ሌላ ሰው ቢያደርገው በደል የሚባለውን ነገር፥ ይኸውም መንገደኛን ማስቆምን፥ ኪሱን መፈተሽን፥ አስሮ ወደ ጣቢያ መውሰድን፥ ፖሊስ በሕግ ስም ያደርገዋል። ስለዚህ ወንጀለኛን የሚይዘው ሰው ራሱ በምን ጠባይ እንደሚሠራ የሚያይ ሌላ ዓይን ያስፈልጋል። ይህን ሥራ ከብዙ ዘመን ጀምሮ በሥርዓት ካቆሙት አገሮች አንዷ እንግሊዝ ናትና፥ ነገሩ በዚያች አገር ታሪክ ቢታይ ይገለጣል። ከዚህ በታች የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

በ1829 ሮበርት ፒል የአገር ግዛት ሚኒስትር ሳሉ የሎንዶን ፖሊስ ተቋቋመ። ሕዝቡ ግን የመንግሥት ሰላይ መጣብን ብሎ ፈራው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አዛዦች ቻርልስ ሮዋንና ሪቻርድ ሜይን ይህን ፍርሃት ዐውቀው፥ ዘበኞቹ ወታደር እንዳይመስሉ ቀይ ልብስ ትተው ሰማያዊ አለበሷቸው፤ የዘወትር መሣሪያቸውም ጠመንጃ ሳይሆን የእንጨት በትር ሆነ። ለሕዝቡም ትሕትና እንዲያሳዩ በጽሑፍ አዘዟቸው። ይሁን እንጂ ጠባይ በትእዛዝ ብቻ አይበጅም። ቁጥር አንድ ተብሎ የተመዘገበው ዘበኛ ሥራ በጀመረበት ቀን ሰክሮ ስለ ተገኘ ተባረረ፤ በቀጠሉትም ዓመታት ብዙዎች በዚሁ ምክንያት ተሰናበቱ።

በ1856 የወጣው ሕግ በእንግሊዝና በዌልስ ያለው አውራጃ ሁሉ ፖሊስ እንዲያቆም አስገደደ፤ ዘውዱም ሦስት መርማሪዎችን ሾመ። መርማሪው እየዞረ ዘበኞቹን ይቈጥራል፥ ልብሳቸውን ያያል፥ ጣቢያውንና የእስር ክፍሉን ይጎበኛል፥ መዝገቡን ያገላብጣል። ሠራዊቱ ለሥራው የሚበቃ ሆኖ ከተገኘ መንግሥት ከደመወዝና ከልብስ ወጪው አራተኛውን እጅ ይከፍልለታል፤ ያልበቃው ግን ይህን ገንዘብ ያጣል። የመርማሪው ቃል ምክር ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዙ ሹማምንት ባልሰሙት ነበር፤ ገንዘብ ስለ ተከተለው ግን ሰሙ። ዳሩ ግን ይህ ምርመራ ይልቁን የሚያየው ብዛትንና ሥርዓትን ነበረ፤ በመንገድ የተያዘው ድሃ ከዘበኛው ምን እንደ ደረሰበት የሚጠይቅ አልነበረም።

ያልተጠየቀው ነገር በኋላ ዘመን ራሱን ገለጠ። በ1981 በሚያዝያ ወር ፖሊሶች ብሪክስተን በሚባለው የሎንዶን ሰፈር በጥቂት ቀን ውስጥ 943 ሰዎችን አስቁመው ፈተሹ። ከእነዚህ የተያዙት 118 ብቻ ነበሩ። በሰፈሩ የሚኖሩት ጥቁር ወጣቶች አስቀድሞም በፖሊስ ተማርረው ነበርና፥ ትልቅ ሁከት ተነሣ፤ ቤትና መኪና ተቃጠለ። ነገሩን እንዲመረምሩ የተሾሙት ዳኛ ሎርድ ስካርማን በዚያው ዓመት ባወጡት ጽሑፍ፥ ፖሊስ የሕዝቡን ፈቃድ ካጣ ሕግን ማስከበር እንደሚሳነው አስረዱ።

ይህ ለምን እንደ ሆነ አሜሪካዊው መምህር ቶም ታይለር በ1990 ባሳተሙት መጽሐፍ ገለጡት። በቺካጎ ከተማ 1,575 ሰዎችን ጠይቀው ያገኙት ይህ ነው፤ ሰው ሕግን የሚያከብረው ቅጣትን በመፍራት ብቻ አይደለም፤ ይልቁንም ሹሙ በቅን አካሄድ እንደ ሠራበት ሲያምን ነው። ይህ ለአገር ሽማግሎች እንግዳ ነገር አይሆንም። በዛፍ ጥላ ሥር በተቀመጠ ሸንጎ የተረታ ሰው፥ ቃሉ እስከ መጨረሻው ከተሰማለት፥ ዳኛውም ለባላጋራው እንዳላደላ ካየ፥ እያዘነም ቢሆን ፍርዱን ይቀበላል። ሳይሰማ የተፈረደበት ግን ፍርዱ እውነት ቢሆን እንኳ ቂም ይዞ ይሄዳል።

እንግዲህ በ2014 የእንግሊዝ መርማሪዎች የሥራቸውን ሥርዓት አድሰው በ43ቱ የእንግሊዝና የዌልስ የፖሊስ ሠራዊቶች ላይ ሦስት ጥያቄ አቆሙ። ሠራዊቱ ወንጀልን ይከላከላልን? ገንዘቡን በደንብ ይሠራበታልን? ሦስተኛውም፥ ሕዝቡን በቅንነትና በአክብሮት ይይዛልን? የመርማሪዎቹ አለቃ ሁልጊዜ ከፖሊስ ወገን ሲሾም ኖሮ፥ በ2012 ቶም ዊንሰር የተባሉ የሕግ ዐዋቂ ከውጭ መጥተው ተሾሙ። ወንድም የወንድሙን ነውር ለመግለጥ ስለሚከብደው ይህ መልካም ለውጥ ነው።

እምነትን የመሰለ የማይጨበጥ ነገር በምን ይመዘናል ቢሉ፥ ብዙውን ጊዜ በወረቀት ነው። በእንግሊዝ አንድ ፖሊስ መንገደኛን አስቁሞ ሲፈትሽ፥ የጠረጠረበትን ምክንያት መጻፍ አለበት። ምክንያቱም ሌላ አስተዋይ ሰው ቢያነበው የሚያሳምን መሆን ይገባዋል፤ መልኩ አላማረኝም ማለት ምክንያት አይደለም። በ2013 መርማሪዎቹ 8,783 እንዲህ ያሉ ጽሑፎችን ሰብስበው ቢያነቡ፥ ከመቶ 27ቱ በቂ ምክንያት አልነበረባቸውም። የሚያስደንቀው ግን ብዙዎቹ ጽሑፎች በአለቃ ዓይን ያለፉ መሆናቸው ነው። በ2017 እንደ ገና ሲመረመር ጉድለቱ ወደ ከመቶ 6 ወርዶ ተገኘ። በዚያ ጊዜም ቢሆን ጥቁር ሰው ከነጭ ይልቅ ከ8 እጥፍ በላይ ይፈተሽ ነበርና፥ ምክንያትን አሳምሮ መጻፍ ብቻውን አድልዎን እንዳላራቀ ታየ።

ከዚህ የባሰው ነገር በ2021 መጣ። በሎንዶን በሥራ ላይ ያለ አንድ ፖሊስ የሥልጣን ወረቀቱን አሳይቶ አንዲት ሴት ከመንገድ ወሰደና ገደላት። ሕዝቡም እንዲህ ያለ ሰው እንዴት ተቀጠረ ብሎ ጠየቀ። መርማሪዎቹ በ8 ሠራዊቶች ውስጥ 725 የቅጥር ማጣሪያ መዝገቦችን መረመሩ፤ በ2022 መጨረሻም በ131ዱ የተሰጠው ውሳኔ የሚያጠራጥር መሆኑን ገለጡ። ከእነዚህ በ68ቱ ሰዎቹ ፈጽሞ ባልታለፉ ነበር አሉ። አስቀድሞ የተፈረደባቸው፥ በከባድ ወንጀል የተጠረጠሩ፥ ከወንበዴ ዘመድ ጋራ የሚገናኙ ሰዎች ሁሉ ፖሊስ ሆነው ተገኙ። መርማሪዎቹም እንዲሻሻሉ የሚገባቸውን 43 ነገሮች ጻፉ።

የመርማሪው ሥልጣን ግን በዚህ ያበቃል። ማንንም ማሰናበት፥ አዛዡንም እንዲህ አድርግ ብሎ ማስገደድ አይችልም። ያገኘውን ለሕዝብ ያትማል፤ የየአውራጃውን ፖሊስ የሚቆጣጠረው ሹም ወይም ሸንጎም በ56 ቀን ውስጥ መልሱን እንዲያትም ሕግ ያዛል። የቀድሞው የገንዘብ ቅጣት ስለ ቀረ፥ የቀረለት ኃይል ነገሩን ይፋ ማውጣት ብቻ ነው። በሰኔ 2022 የሎንዶንን ፖሊስ በጥብቅ ክትትል ሥር እንዳደረጉት በግልጥ ተናገሩ፤ ሠራዊቱም ከዚህ ክትትል የወጣው በጥር 2025 ነው።