ሙሉ ኩሬ ከጎርፍ አያድንም

መካነ ሰላም ሐምሌ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ያ ሁሉ ውሃ የት ይሄዳል? ስልካችሁ ላይ ካልኩሌተር አለ አይደል፣ እስቲ እናስላው።

አንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ነው። 50 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 40 ሚሊ ሜትር ከዘነበ 2,000 ሊትር፣ ማለትም አስር በርሜል ይሆናል። እንዲህ ያለ ጣሪያ 1,000 ቢኖር 2,000 ሜትር ኩብ። ያውም መንገዱንና ግቢውን ሳንቆጥር። ሣር ቢሆን ከፊሉን ይጠጣው ነበር፤ ቆርቆሮና ኮብልስቶን ግን ብዙም አያስቀሩም። አብዛኛው በአንዴ ወደ ቦዩ ይሮጣል። ቦዩን ሃይላንድ ከደፈነው ደግሞ ውሃው ሳሎን ይገባል።

50 ሜትር ርዝመት፣ 20 ሜትር ስፋትና 2 ሜትር ጥልቀት ያለው ኩሬ ያንን ውሃ ልክ ይይዘዋል። ኩሬ ደግሞ ለኛ አዲስ ነገር አይደለም። አክሱም ማይ ሹም አለ። ኮንሶዎች ሃርዳ የሚሉትን ኩሬ በጋራ ይቆፍራሉ፣ በጋራ ይጠግናሉ፤ አካባቢው በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ ሲመዘገብ ሃርዳዎቹም አብረው ተጠቅሰዋል።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? የድሮ ኩሬ የተቆፈረው ለበጋ ውሃ ለማቆየት ነው። ባለ ከብቱ ሞልቶ ማየት ይፈልጋል። ጎርፍ የሚቀንሰው ግን ዝናቡ ሲመጣ ባዶ ቦታ ያለው ኩሬ ነው። ሁለቱን ለማስታረቅ ኩሬው ወገብ ላይ ጠባብ ቱቦ ይቀበራል። ከቱቦው በታች ያለው ለከብቱ ይቀራል፤ ከላይ ያለው ቀስ እያለ ወጥቶ ለሚቀጥለው ዝናብ ቦታ ይለቃል።

ደለሉንም አትርሱ። ተዳፋት መሬት ላይ አፈሩ ከውሃው ጋር ነው የሚመጣው። 2 ሜትሩ ኩሬ 1 ሜትር ደለል ከያዘ፣ በቃ፣ ግማሽ ኩሬ ነው።

ቦታውም ወሳኝ ነው፤ ኩሬው ከከተማው በላይ መሆን አለበት። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋን ያጥለቀለቀውና ከ250 በላይ ሰው የገደለው ጎርፍ ከላይ፣ ከደጋው ነበር የወረደው። ያን ያህሉን ኩሬ ብቻውን አያቆመውም፤ የኩሬ ጉልበት በየክረምቱ ቤት የሚገባው መካከለኛው ጎርፍ ላይ ነው።

ደግሞ አጥር ያስፈልገዋል። ልጆች ይዋኙበታል፣ ይሰምጡበታልም።

ጥረጋው የበጋ ሥራ ነው። ሰኔ ከገባ አካፋው ጭቃ ውስጥ ይቀራል።