የመኪና ቀለም ሳስቶ እንዳያልቅ
ስለ ፖሊሽ አመራረጥና አጠቃቀም

መኪና ለነጋዴ እንደ ሱቅና እንደ መጋዘን ሁሉ ሀብት መሆኑ የታወቀ ነው። ለሽያጭ በቀረበም ጊዜ ገዢው አስቀድሞ የሚያየው ሞተሩን ሳይሆን ቀለሙን ነው። ይልቁንም በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ በእጅ ያለውን መኪና በደኅና መያዝ ከቀድሞው ይበልጥ የሚያስፈልግ ሆኗል። ስለዚህ የቀለምን ጭረት ስለሚያጠፋው ፖሊሽ፣ መኪና ላላቸውም፣ ላቫጆና ጋራዥ ለከፈቱትም፣ ዕቃውን ለሚሸጡትም አባሎቻችን የሚጠቅመውን በዚህ ገጽ ለመግለጽ ወደናል።

በደብረ ማርቆስ ጎዳና ጠዋት ፀሐይ ላይ የቆመን ጥቁር መኪና የተመለከተ ሰው፣ ብርሃኑ ባረፈበት ዙሪያ እንደ ሸረሪት ድር የተጠማዘዙ ቀጫጭን መስመሮችን ያያል። መስመሮቹ ክብ ይምሰሉ እንጂ በየአቅጣጫው የተሠመሩ ጥቃቅን ጭረቶች ናቸው፤ ከእነርሱ መካከል ብርሃኑን ወደ ዐይን የሚመልሱት ብርሃኑን የከበቡት ብቻ ስለ ሆኑ ክብ መስለው ይታያሉ። በነጭና በብርማ መኪና ላይም ይገኛሉ፤ ነገር ግን ጎልተው አይታዩም።

የጭረቱ ምክንያት በአብዛኛው አነዳዱ ሳይሆን አስተጣጠቡ ነው። በበጋ ከገጠር መንገድ የሚነሣው ቀይ አቧራም ሆነ በክረምት የሚለጠፈው የመረሬ ጭቃ ደቃቅ አሸዋ ይይዛል። ይህ በውሃ ሳይለቀለቅ በደረቅ ጨርቅ የተጠረገ እንደ ሆነ፣ ወይም መሬት ላይ በወደቀ ስፖንጅ የታሸ እንደ ሆነ፣ ጨርቁ የብርጭቆ ወረቀት ሆነ ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ዋናውን ነገር እንመልከት። የዛሬ መኪና የፋብሪካ ቀለም ሁሉም ንጣፍ ተደምሮ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ገደማ ሲሆን፣ ክሊር የሚባለው ቀለም አልባ የላይ ሽፋን ብቻውን ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ያህል ነው። ማይክሮን ማለት የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው፤ የሰው ጠጕር 70 ማይክሮን ያህል ይወፍራል። እንግዲህ ቀለሙን ከፀሐይ የሚጠብቀው ሽፋን ከአንድ ጠጕር የቀጠነ ነው። ፖሊሽ ደግሞ ጭረቱን አይሞላውም፤ በጭረቱ ዙሪያ ያለውን ሽፋን ፍቆ ከጭረቱ ወለል ጋር ያስተካክለዋል እንጂ። ቢላዋ በተሳለ ቁጥር እንደሚሳሳ ሁሉ፣ የመኪና ቀለምም በፖሊሽ በተፋቀ ቁጥር ይሳሳል።

ይህም ጉዳይ ለደጋው ሰው ይበልጥ ያሳስበዋል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት፤ አልትራቫዮሌት የተባለው የፀሐይ ጨረርም ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ከመቶ 10 እጅ ያህል ይጨምራል። ሽፋኑ የሳሳበት መኪና በእንዲህ ያለ ፀሐይ ፈጥኖ ይደበዝዛል፤ ኋላም ይላጣል። የተላጠውን ክሊር ማናቸውም ፖሊሽ አይመልሰውም፤ መፍትሔው እንደገና ማስቀባት ብቻ ነው።

በገበያ ያሉት ዕቃዎች በጅምላ ፖሊሽ ቢባሉም በሥራቸው አራት ዐይነት ናቸው። የመጀመሪያው ኮምፓውንድ ነው፤ ሻካራ ስለ ሆነ ጥልቅ ጭረትን ያነሣል፤ ሽፋኑንም ይበልጥ ይበላል። ሁለተኛው ደቃቁ ፖሊሽ ነው፤ በአጠባ የመጡትን ጥቃቅን ጭረቶች የሚያጠፋውና ጥራት የሚሰጠው ይህ ነው። ሦስተኛው ጭረቱን በዘይትነቱ ሞልቶ የሚሸፍን ነው፤ ለጊዜው ያምራል፤ ጥቂት ጊዜ ሲታጠብ ግን ጭረቱ ተመልሶ ይታያል። አራተኛው ሰም ነው፤ እርሱ አይፍቅም፤ የተስተካከለውን ቀለም ይጠብቃል እንጂ።

በምርጫ ጊዜ ሕጉ አንድ ነው፤ ይኸውም ሥራውን ሊሠራ ከሚችለው ሁሉ ደካማውን መምረጥ ነው። ጥፍር በጭረቱ ላይ ሲሄድ የሚይዘው ከሆነ ጭረቱ ጥልቅ ነውና በፖሊሽ አጠፋለሁ ብሎ ሽፋኑን መጨረስ አይገባም። ጥፍር የማይይዘው ከሆነ ግን በኮፈኑ ላይ 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ቦታ ለይቶ በደቃቁ ፖሊሽ መሞከር ነው። ከዚያ በውሃ በተበረዘ አልኮል ዘይቱን ጠርጎ በብርሃን ማየት ያስፈልጋል። ጭረቱ ጠፍቶ ከተገኘ መኪናው ሁሉ በዚያው ይሠራል፤ ካልጠፋ ብቻ አንድ ደረጃ ወደ ሻካራው ማለፍ ይቻላል። ክሊር በሌላቸው የቆዩ የሥራ መኪኖች ላይ ጨርቁ የቀለሙን መልክ ይዞ ቢነሣ ሊያስደነግጥ አይገባም፤ ጠባዩ ነው።

የአሠራሩም ሥርዓት እንደሚከተለው ነው። መኪናው በሚገባ ታጥቦ ይደርቃል፤ በጥላ ሥር ይቆማል፤ ብረቱም እስኪቀዘቅዝ ይጠበቃል። ቀለም የሚሳሳባቸው ጠርዞች በወረቀት ፕላስተር ይሸፈናሉ። በማሽኑ ስፖንጅ ላይ እንደ አተር ፍሬ የሆኑ አራት ጠብታዎች ይበቃሉ። በአንድ ጊዜ ከ50 በ50 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ ቦታ ይዞ፣ ማሽኑን በዝግታ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ቀጥሎም ከላይ ወደ ታች ሦስት አራት ጊዜ መመላለስ ይገባል። በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሽከረከረው ማሽን ፈጥኖ ስለሚያግል፣ ባልለመደ እጅ ጠርዝን ያቃጥላል፤ እየተሽከረከረ የሚወዛወዘው ማሽን ለጀማሪ ይሻላል። ስፖንጁ ከየክፍሉ በኋላ ይጸዳል፤ የቀረው ፖሊሽም በንጹሕ ማይክሮፋይበር ጨርቅ ይነሣል። በመጨረሻ ሰም ይቀባል።

ከሁሉ የሚረክሰው መድኀኒት ግን ጭረቱ እንዳይመጣ ማድረግ ነው። አስቀድሞ አቧራውን በብዙ ውሃ ማውረድ፣ አንድ ባልዲ ለሳሙና ሌላውን ለስፖንጁ መለቅለቂያ ማድረግ፣ ከጣራ ጀምሮ ወደ ታች ማጠብ፣ የጎማውን ጨርቅ ከአካሉ ጨርቅ መለየት፣ ደረቅ አቧራን ፈጽሞ አለመጥረግ ነው። ለዚህ የሚወጣው የአንድ ባልዲና የጥቂት ጨርቆች ዋጋ ብቻ ነው።

በንግዱ በኩልም የምናሳስበው አለን። ዕቃውን የሚሸጥ ነጋዴ የሚፍቀውን ከሚሸፍነው ለይቶ ለደንበኛው ይንገር፤ ሽፋኑን ጭረት ማጥፊያ ብሎ የሸጠ ነጋዴ ደንበኛው በሦስተኛው አጠባ ያውቅበታልና። ቀለም የሚቀባ ጋራዥ ሲሊኮን ያለበትን ፖሊሽ ከቀለም ክፍሉ ያርቅ፤ ሲሊኮን በነካው ብረት ላይ አዲስ ቀለም ሲቀባ እየተሰበሰበ ጉድጓድ ያወጣል። ያገለገለ መኪና የሚገዛም ሰው በባለቤቱ ፈቃድ ጥቂት ቦታ በተበረዘ አልኮል ጠርጎ ይመልከት፤ የተሸፈነው ጭረት ያን ጊዜ ይገለጣል።

የላቫጆ ሠራተኛ በእጁ የያዘው ጨርቅ የሰውን ሀብት የሚጠብቅም የሚያጠፋም ነው። ባለ ላቫጆዎች ለሠራተኞቻቸው ንጹሕ ጨርቅና በቂ ውሃ ቢሰጡ፣ ለደንበኛው መኪና ዕድሜ፣ ለራሳቸውም ሥራ መልካም ስም ይጨምራሉ።